እናቴ በአይሪሾቹ ቤት ያሸነፈች ዕለት

ልጅ እያለሁ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ የቁማር ማሽን የሌለበት መጠጥ ቤት አንድ ብቻ ነበር የማውቀው። ግሮሰሪ ስትገቡ ማሽን፣ ነዳጅ ስትቀዱ ማሽን፣ ኤርፖርት ገና ከአውሮፕላን ስትወርዱ ማሽን እየጮኸ በሚቀበላችሁ ከተማ፣ እዚያ ቤት የሚሰማው የሰው ወሬና የማንኪያ ኳኳታ ነበር። ስሙ በሩ ላይ በወርቃማ ቀለም ረዘም ብሎ ተጽፏል፤ በሰፈሩ የነበርነው ሐበሾች ግን «አይሪሾቹ ቤት» ነበር የምንለው። ከሜሪላንድ ፓርክዌይ ጎዳና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በጎማ ቤትና በልብስ ማጠቢያ ቤት መሀል የተቀመጠ፣ ዝቅ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። ከውጭ ሲያዩት ከተዘጋ ዓመት ያለፈው ይመስላል። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ግን የድንች ሾርባ፣ የቀለጠ ቅቤና በሰም የተወለወለ አሮጌ እንጨት ሽታ አንድ ላይ ይቀበላችኋል። ውጭ አስፋልቱ ጫማ እያቀለጠ፣ ውስጡ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ነበር።

መቼም «የአሥር ዓመት ሴት ልጅ መጠጥ ቤት ምን ትሠራለች?» የሚል አይጠፋም። ቤቱ ሁለት ክፍል ነበረው። ባንኮኒው ያለበት ክፍል የትልልቅ ሰዎች ነው፤ ልጅ አያልፍም። ሾርባና ዳቦ የሚበላበት ሰፊው ክፍል ግን የሁሉም ነበር። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ አያቶች ከነልጅ ልጆቻቸው ይሞሉታል።

የቤቱን ታሪክ የነገሩን ባለቤቷ ሚስ ኖራ ናቸው። ያኔ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ፀጉራቸውን እንደ ወንድ አሳጥረው የሚቆረጡ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሴትዮ ነበሩ። አባታቸው ከአየርላንድ የመጡ ግንበኛ ነበሩ አሉ። ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ሆቴል ሲገነቡ ኖረው፣ ከገነቧቸው ሆቴሎች በአንዱም ውስጥ አንድ ሌሊት ሳያድሩ ነው ያረጁት። በተወለዱባት መንደር የነበረው መጠጥ ቤት ሊፈርስና ባንኮኒው ለማገዶ ሊፈለጥ መሆኑን ሲሰሙ፣ ወንድሞቻቸው በመርከብ እንዲልኩላቸው አደረጉ። ባንኮኒው ባሕር አቋርጦ፣ በረሃ አቋርጦ ላስ ቬጋስ ደረሰ። እሳቸውም ባዶ መሬት ላይ መጀመሪያ ባንኮኒውን አስቀመጡ፤ ከዚያ ግድግዳውን ዙሪያውን ገነቡ። ለዚህ ነው ባንኮኒው በየትኛውም በር የማይወጣው። ቤቱን ልግዛ የሚል ሰው በመጣ ቁጥር ሚስ ኖራ፣ «መጀመሪያ ባንኮኒውን ይዘህ መውጣት ከቻልክ እንነጋገራለን» ይሉ ነበር።

አባትየው ሦስት ሕግ ትተው ነው የሞቱት። አንደኛው፣ ማሽን አይገባም፤ የገዛ አባታቸው የቤተሰቡን ላሞች በቁማር ሲያስበሉ አይተው ነው ያደጉት። ሁለተኛው፣ አዲስ የመጣን ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ግንበኛ ሆነው በየገቡበት በዚህ ጥያቄ ሲመዘኑ ስለኖሩ፣ በእሳቸው ቤት የሚጠየቀው «ምን ታውቃለህ?» ነው። ሦስተኛው፣ እሑድ ከሰዓት ጠያቂ አለ፣ ሁሉም ይመልሳል። ይህን የእሑድ ጥያቄ ይሉታል።

እኔና እናቴ የምንኖረው ከዚያ አራት ብሎክ ርቆ፣ ዊንቸስተር በሚባለው ሰፈር፣ ከላይ ከታች የካዚኖ ሠራተኛ በሞላበት አፓርትመንት ነበር። አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ ሁለታችን ብቻ ነን። እናቴ እታገኝ ትባላለች። ዲቪ ደርሷት ከመምጣታችን በፊት ደሴ ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች፤ መንገድ ላይ ትልልቅ ጎረምሶች ሳይቀሩ «ቲቸር!» ብለው ዝቅ ብለው ሲሰላሟት አስታውሳለሁ። ላስ ቬጋስ ስትመጣ ሆቴል ክፍል አዘጋጅ ሆነች። ሥራው አይደለም የጎዳት፤ ሥራ አትፈራም ነበር። የጎዳት አፏ መዘጋቱ ነው። እንግሊዝኛ ታነባለች፣ ትጽፋለች፤ ለመናገር ግን ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ይሆንና ሰዉ ሁሉ ጆሮውን አስጠግቶ «ምን?» ይላታል። ሁለቴ «ምን?» ካሏት በኋላ ትተወዋለች። ከዚያ እኔ እናገርላታለሁ። ክሊኒክ፣ አውቶቡስ ላይ፣ የአፓርትመንቱ ቢሮ፣ በየሄድንበት የእናቴ ምላስ እኔ ነበርኩ። እሷም «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለች ራሷን ታጽናናለች።

የመጀመሪያው ዓመት ይህ ያኮራኝ ነበር። አምስተኛ ክፍል ስገባ ግን ያሳፍረኝ ጀመር። ይህንን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። ትምህርት ቤት በተከፈተ በሳምንቱ አስተማሪያችን ለወላጆች የሚሰጥ ወረቀት አደለችን። ወላጆች እየመጡ ስለሚያውቁት ነገር ለክፍሉ የሚናገሩበት ቀን ነበር። እኔ ወረቀቱን አጣጥፌ ጂንስ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩና፣ አስተማሪዬን «እናቴ ሺፍት አላት፣ አትችልም» አልኳት። እናቴን አልጠየቅኳትም።

ቅዳሜ ልብስ ስታጥብ አገኘችው። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ወረቀቱን በሁለት እጇ ዘርግታ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ትቆጣኛለች፣ ቁንጥጫ ይከተላል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልተቆጣችም። ወረቀቱን መልሳ አጣጠፈችና በመጽሐፍ ቅዱሷ ገጾች መሀል አስገባችው። ከዚያ ቀን በኋላ ለእኔም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ማናገር የጀመረች መሰለኝ።

የቤታችን ኤሲ የተበላሸው በማግሥቱ ነው። ፍልሰታ ከተፈታ ገና ሳምንቱ ነበር፤ ሙቀቱ ግድግዳው ላይ እጅ አያስጥልም። ጥገና የሚመጣው ሰኞ ነው አሉን። ጎረቤታችን ጋሽ በላቸው ታክሲ ነጂ ነበሩ፤ ሲያልፉ በራችን ተከፍቶ፣ እኔ እርጥብ ፎጣ አናቴ ላይ ጥዬ ወለል ላይ ተዘርግቼ አዩኝ።

«እታገኝ፣ ልጅቷን ልትቀቅያት ነው እንዴ? ተነሱ። አይሪሾቹ ቤት ወስጄ ሾርባ ላብላችሁ፤ እዚያ ብርዱ ጋቢ ያስለብሳል» አሉ።

«ጋሽ በላቸው፣ መጠጥ ቤት ልጅ ይዤ? ደግሞ እዚያ ሰው ያናግረኛል።»

«ቢያናግርሽስ?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ጋሼ።»

«ዝም ባለ አፍ እንጀራም አይገባም» አሉና ቁልፋቸውን አንቀጨለጩ። እናቴ ሳትወድ ሳቀች። ተነሳን።

ሚስ ኖራ ራሳቸው ሾርባውን ይዘው መጡ። የሰው ፊት ትክ ብለው ሲያዩ አያፍሩም። እናቴን አዩና በእንግሊዝኛ፣ «አዲስ ነሽ። ምን ታውቂያለሽ?» አሏት።

እኔ እንደልማዴ ቶሎ ብዬ፣ «እናቴ ሆቴል ነው የ...» ልል ስጀምር ጣታቸውን አነሡብኝ። «አንቺን አልጠየቅኩም፣ የእኔ እመቤት። ምን እንደምትሠራም አልጠየቅኩም።»

እናቴ ሳህኑን እያየች፣ «ጂኦግራፊ» አለች።

ሚስ ኖራ «ምን?» አላሉም። ጎንበስ ብለው ሰምተዋታል። ወደ ኋላ ዞረው ለቤቱ ሁሉ ጮኹ፤ «ጂኦግራፊ አገኘን!» ሰዉ እጁን ጨበጠና በጣቶቹ አንጓ ጠረጴዛውን ቆረቆረ። የቤቱ ጭብጨባ እንዲህ ነበር፤ እንጨት መቆርቆር።

የእሑድ ጥያቄ እንዲህ ነው። ሚስ ኖራ አሥር ጥያቄ ያነባሉ፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ መልሱን ወረቀት ላይ ይጽፋል። ለዓመታት ማንም ያልጣለው አሸናፊ ሚስተር ዋልት የሚባሉ ጡረተኛ አብራሪ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። አንድም ቀን እሳት ሲነድበት ያላየሁት ምድጃ አጠገብ ያለውን ባለመደገፊያ ወንበር የያዙ እሳቸው ናቸው። አሸናፊ እዚያ ይቀመጣል፤ ስሙም ግድግዳው ላይ ባለ ጥቁር ሰሌዳ በቀለም ይጻፋል። በነጥብ እኩል የወጣ ሰው ካለ ሁለቱ ተነሥተው በቃል ይጋጠማሉ። ያንን የቃል ግጥሚያ ብዙ ጊዜ ሰው አይደርስበትም ነበር።

ያን ዕለት እናቴ ስትጽፍ አየኋት። ጋሽ በላቸው ስለ ኳስና ስለ መኪና የሚያውቁትን ያዋጣሉ፤ የቀረውን እሷ ትሞላለች። ወንዝ፣ ተራራ፣ ዋና ከተማ፣ የማዕበል ምክንያት፣ የፕላኔቶች ቅደም ተከተል። ስድስት አገኘን። በሚቀጥለው እሑድ ኤሲው ተሠርቷል፤ ግን እናቴ ራሷ፣ «ጋሽ በላቸው ዛሬ አይሄዱም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ስምንት አገኘን። በሦስተኛው እሑድ ሚስ ኖራ ወረቀቶቹን አስተካክለው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሚስተር ዋልት፣ ዘጠኝ። የጂኦግራፊ ጠረጴዛ፣ ዘጠኝ።»

ቤቱ እንደ ንብ ቀፎ ጉም ጉም አለ። ከባንኮኒው ክፍል ሳይቀር ሰው ብርጭቆውን እንደያዘ መጥቶ በሩ ላይ ተጨናነቀ። ጋሽ በላቸው ወንበራቸውን ሊሰብሩት ደረሱ። እናቴ ግን ቦርሳዋን ጨብጣ ነበር።

«እንሂድ» አለችኝ በአማርኛ። «ነገ ሥራ አለብኝ።»

«እታገኝ፣ ተይ እንጂ! ተነሽና ተናገሪ!» አሉ ጋሽ በላቸው።

«አልችልም፣ ጋሼ። ሰው ይስቅብኛል።»

ሚስ ኖራ ወደ ጠረጴዛችን መጥተው ቆመዋል፤ ቤቱ ሁሉ ይጠብቃል። እኔም ያ የለመድኩት ነገር መጣብኝ። ብድግ አልኩና ለሁሉም እንዲሰማ በጥርት ያለ እንግሊዝኛዬ፣ «እናቴ እንግሊዝኛ መናገር አትችልም። በጆሮዬ ትንገረኝና እኔ ልናገርላት» አልኩ።

ልረዳት ነበር። በእውነት ልረዳት ነበር። ግን ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ቤቱ ውስጥ ሲሰማ፣ በአስተማሪዬ ፊት የተናገርኩት ያ ውሸት መልኩን ቀይሮ የመጣ መሰለኝ። እናቴ አየችኝ። ያን ቅዳሜ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ እንዳየችኝ አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ደሴን ከለቀቅን ወዲህ ባልሰማሁት ድምፅ፣ «ቁጭ በይ» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። ጋሽ በላቸውም ቁጭ አሉ።

ሚስ ኖራ ከሸክላ ማሰሮ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የግጥሚያው ርዕስ፣ ባሕር የማይነካቸው አገሮች። ተራ በተራ አንድ አንድ አገር መጥራት ነው፤ የተደገመ አይቆጠርም፤ አንዱ ሲያልቅበት ሌላው አንድ ተጨማሪ ከጠራ ያሸንፋል።

ሚስተር ዋልት «ስዊዘርላንድ» ብለው ከፈቱ። እናቴ «ማሊ» አለች፤ ድምፅዋ ያው ሹክሹክታ ነበር። ሚስተር ዋልት እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው «ምን?» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ጆሯቸው ደክሟል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁን ትተወዋለች ብዬ።

«ማሊ!» አለች እናቴ። ግድግዳው መለሰው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳም። ቀኝ እጇ ተነሣ። ፊት ለፊቷ አየር ላይ፣ ሌሎቻችን የማናየው ካርታ የተሰቀለ ይመስል፣ ጣቷ ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ መጓዝ ጀመረ። ቡርኪና ፋሶ። ኒጀር። ቻድ። ሚስተር ዋልት አውሮፕላን ያሳረፉበትን እየጠሩ፣ ኦስትሪያ፣ ኔፓል፣ ቦሊቪያ ይላሉ፤ እሷ ጣቷ ያረፈበትን ትጠራለች። አፍሪካን ስታጋምስ ወደ እስያ ተሻገረች። ካዛክስታን፣ ኪርጊዝስታን፣ ታጂኪስታን ስትል ሚስተር ዋልት ባርኔጣ እንደሚያነሣ ሰው ግንባራቸውን ነኩላት። እነዚህ እሷ ስትማር በካርታው ላይ አልነበሩም፤ አገሮቹ ሲለያዩ የትምህርት ቤቱ ካርታ ላይ ድንበራቸውን በእስክሪብቶ እየሰመረች ያስተማረች እሷ ነበረች። ሃያ አለፉ። ሠላሳ አለፉ። የሾርባው ድስት መገንፈሉን ማንም አላስተዋለም።

«ሳን ማሪኖ» አሉ ሚስተር ዋልት፤ ላብ አጥምቋቸዋል።

«ማላዊ» አለች እናቴ።

ሚስተር ዋልት ጣሪያውን አዩ። ጫማቸውን አዩ። ብዙ ቆዩና፣ «ጨርሻለሁ» አሉ።

አንድ ቀራት። አንድ ብቻ። ጣቷ አየር ላይ ወደ አፍሪካ ተመለሰ፤ ከሱዳን ወረደ፣ ወደ ኬንያ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። እዚያው ቀረ። ሚስ ኖራ ከአሥር ወደ ታች መቁጠር ጀመሩ። እኔ ያለቀባት መስሎኝ ጥርሴን ነከስኩ። ጋሽ በላቸው ግን ጣቷ የቆመበትን አይተው አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ እሳቸው ገብቷቸዋል።

ሚስ ኖራ ሦስት ላይ ሲደርሱ እናቴ፣ «ኢትዮጵያ» አለች።

ቤቱ ሊቆረቁር እጁን አነሣ። ሚስ ኖራ ግን አስቆሙት። በእንዲህ ያለ ግጥሚያ የመጨረሻዋ መልስ በአባታቸው አትላስ ይረጋገጣል፤ ወጉ ነው። ያንን ጀርባው የተሰፋ ትልቅ መጽሐፍ አወረዱ፣ ገለጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። ፊታቸው ተለወጠ። መጽሐፉን አዙረው አሳዩን። ኢትዮጵያ ቀይ ባሕር ዳር ተዘርግታለች፤ ወደቦቿ ሳይቀሩ በትንንሽ ፊደል ተጽፈዋል።

«የእኔ ልጅ» አሉ ሚስ ኖራ በሐዘን፣ «እዚህ ባሕር አለው ይላል።»

እናቴ ወደ አትላሱ ሄደች። እጇን ካርታው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ቀና ብላ በእንግሊዝኛ ተናገረች። አንድ ቃል አይደለም፤ እኔ ከአፏ ሰምቼው የማላውቀውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ አንዱን ከሌላው እያስከተለች።

«ሚስ ኖራ፣ መጽሐፍዎ አሮጌ ነው። እኔ ተማሪ ሆኜ ያጠናሁት ይህንኑ ካርታ ነው። በኋላ ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ሆነች። ከዚያ ወዲህ አገሬ ባሕር የላትም። የብዙ አገር ካርታ በእስክሪብቶ አስተካክያለሁ፤ ይህቺን አንዷን ግን እጄ እምቢ ብሎኝ ለተማሪዎቼ በቃሌ ብቻ ነበር የምነግራቸው። ዛሬም ለመጥራት የዘገየሁት ጠፍቶኝ አይደለም።»

መጀመሪያ የተነሡት ሚስተር ዋልት ናቸው። ወንበራቸውን ለቀው፣ በዚያ ረጅም ቁመታቸው ቀጥ ብለው፣ «ትክክል ናት። በዚያ ሰማይ ላይ በርሬያለሁ፣ አውቀው ነበር፤ ረሳሁት። እሷ አልረሳችም። አሸንፋኛለች» አሉ። ከዚያም ክንዳቸውን ዘርግተው ወንበሩን አሳዩዋት።

የእንጨቱ ቁርቆራ እንደ በረዶ ዝናብ ወረደ። ጠረጴዛው፣ ባንኮኒው፣ የበሩ መቃን፤ እንጨት የሆነ ነገር ሁሉ ተመታ። ጋሽ በላቸው እልልታ አይችሉም፣ ሞከሩት። እናቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሚስ ኖራ ብሩሽና ቀለማቸውን አምጥተው ስሟ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቋት፤ ናፕኪን ላይ በእኛው ፊደል «እታገኝ» ብላ ጻፈችላቸው። ሴትዮዋ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ይዘው፣ አበባ እንደሚስል ሰው፣ አራቱን ፊደላት አንድ በአንድ ወደ ሰሌዳው ገለበጡ። በዚያ ሰሌዳ ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ ፊደል ሲጻፍ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ ቤት የሄድነው በእግር ነው፤ ጋሽ በላቸው ሺፍት ነበራቸው። ፀሐይ ከስትሪፑ ጀርባ እየወረደች የሆቴሎቹ መስታወት ሁሉ እሳት መስሏል። ሁለተኛው የትራፊክ መብራት ጋ ስንደርስ ለቅሶዬ መጣ።

«እማዬ፣ ወረቀቱን ደብቄሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አፍሬብሽ ነው።»

እንደምትጎዳ እያወቅኩ ነው የተናገርኩት፤ ግን ሌላ ውሸት መጨመር አልቻልኩም። እናቴ አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ። «እኔም አፍሬ ነበር» አለች። «እኔ በራሴ ካፈርኩ አንቺ ምን ታደርጊ? ነገ ለአስተማሪሽ ትመጣለች በያት።»

መጣች። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ መጣች። «ዛሬ ሆቴል ውስጥ ክፍል አዘጋጃለሁ። ከዚያ በፊት አስተማሪ ነበርኩ። አሁን ደግሞ ለትንሽ ደቂቃ መልሼ አስተማሪ ልሁን» ብላ ጀመረች። ማርከር አነሣችና አንድም መጽሐፍ ሳታይ፣ እጇን ሳታነሣ፣ አፍሪካን በአንድ መስመር ነጩ ሰሌዳ ላይ ሳለች። ክፍሉ በሙሉ «ዋው!» አለ። አንዱ ልጅ ወንዞቹን ጠየቃት፤ ሳለችለት። ሌላዋ የሆቴል አልጋ አንሶላ እንዴት እንደዚያ እንደሚወጠር ጠየቀቻት፤ የአስተማሪዋን ጠረጴዛ በሻርፕዋ አንጥፋ አሳየቻት። ጓደኞቼ በዕረፍት ሰዓት «እናትሽ ናት?» ሲሉኝ አንገቴን አልደፋሁም። ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ ከፍ ብዬ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር።

የእኛ ዘመን ልጆች፣ በዚህ አገር ለወላጆቻችን ምላስ ሆነን ያደግን፣ ያ ሸክም ስንት እንደሚከብድ እናውቀዋለን። ያኔ ሁልጊዜ እንደዚያ የሚኖር ይመስለን ነበር። ዛሬ እኔ ኢንተርፕራይዝ በሚባለው የከተማዋ ዳርቻ፣ ቤቶቹ ሁሉ መንታ በሚመስሉበት አዲስ ሰፈር ነው የምኖረው። ሚስ ኖራ አርፈዋል፤ ቤቱን የእህታቸው ልጅ ይዘውታል፣ ማሽንም እስካሁን አልገባም። እናቴ ሆቴሉን ትታ፣ ዜግነት ለሚፈተኑ ስደተኞች በሰፈር ማዕከል ታስተምራለች። ሶማሌው፣ ፊሊፒኖው፣ ሜክሲኮው፣ ሁሉም «ቲቸር» ይላታል።

ባለፈው የጸደይ ወር ልጄ ያለ ጊዜዋ ተወለደች። በእንግሊዝኛ ያደግኩት፣ በእንግሊዝኛ የተመረቅኩት እኔ፣ ያቺ እፍኝ የማትሞላ ልጅ መስታወት ውስጥ ተኝታ ስትታየኝ አፌ ተያዘ። ሐኪሙ መጥተው ስለ ሳንባዋ፣ ስለ ክብደቷ፣ ስለ ቀጣዩ ሳምንት በፍጥነት ሲዘረዝሩ አንድም ቃል አልያዝኩም፤ «ገባሽ?» ሲሉኝም መመለስ አልቻልኩም። እናቴ ከጎኔ ተነሣች። እጄን አልለቀቀችውም።

«ዶክተር» አለች፣ በዚያ ሁሉ ማሽን ጩኸት መሀል ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ልጄ ደክሟታል፣ የምጠይቅዎ እኔ ነኝ። ይቀመጡና ከመጀመሪያው እንደገና ይንገሩን። ቀስ ብለው።»

ዶክተሩ እናቴን አዩዋት። ወንበር ሳቡ፣ ተቀመጡ፤ ከመጀመሪያውም ጀመሩ፣ ቀስ ብለው።